የገንፎ ቀማሽ ሆኜ የሰነበትኩበት ጾም

በእኛ ቤት ሆድ የሚያረጋጋው ምግብ የቱ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ በሰው ቁጥር ልክ መልስ ይገኛል። ባለቤቴ የከፋው ቀን የሐዋሳ ሐይቅን ዓሳ ጥብስ በሚያቃጥል ዳጣ ካላገኘ ፊቱ አይፈታም። ልጄ ከትንሽነቷ ጀምሮ ሲያማትም ሲደብራትም የምትለምነው ያደረ ምስር ወጥ ነው፤ ሳይሞቅ፣ ከነቅዝቃዜው፣ በዳቦ። እኔ እሷ ስትበላ እያየሁ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። የእኔ ነገር የታወቀ ነው፤ ቡላ። ከእንሰት የሚወጣው ያ ነጭ ዱቄት በወተት ተገንፍቶ፣ ቅቤውን ጠጥቶ፣ ማንኪያ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሳየው ግማሽ ሕመሜ ይለቀኛል። እናቴ እኔን ስትወልድ የበላችው እሱን ነው። እኔም ልጄን ስወልድ የበላሁት እሱን ነው። ስለዚህ ልጄ ስትወልድ ስለምትበላው ነገር የሚከራከረኝ ሰው ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ተከራካሪዬ ግን ከጎጃም ተነስተው፣ አዲስ አበባ አድረው፣ በሁለተኛው ቀን ሐዋሳ ገቡ። የልጄ ባል እናት ናቸው። ልጃቸው ለትምህርት ወደዚህ መጥቶ፣ ሥራ ይዞ፣ ልጄን አግብቶ የቀረ ሰው ነው። እኔ በዕድሜም ስለሚበልጡኝ «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እኔን እንደ አገራቸው «እታለም» ይሉኛል። ከአውቶቡስ መናኸሪያ ያመጣቸው ባጃጅ በራችን ላይ ሲቆም መጀመሪያ የወረደው እሳቸው አልነበሩም፤ አንድ ማዳበሪያ የገብስ ዱቄት ነው። ቀጥሎ በጣሳ የታሸገ ንጥር ቅቤ ወረደ። ቀጥሎ ክንዴን የሚያህል የገንፎ ማማሰያ። እትዬ የወረዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ማማሰያውን ሳይ ነገሩ ገባኝ። የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው የመጡት እንግዳ ሊሆኑ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል።

ልጄና ባሏ የሚኖሩት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ተከራይተው ነው፤ ለአራስነቷ ግን እኛ ዘንድ ታቦር ሰፈር መጥታ ነበር። የወለደቻት የመጀመሪያ ልጇ ናት፣ ሴት። ምጡ አድክሟታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አልበላም አለች። አራት ቀን ሙሉ! ቡላውን አቀርባለሁ፤ ሦስት ማንኪያ ትቀምስና ሳህኑን በጣቷ ጫፍ ትገፋዋለች። ሕፃኗ ጡት ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች። ልትጠይቃት የመጣችው ጎረቤታችን ነርስ ልጄን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «ስሚ፣ አንቺ ካልበላሽ ወተቱ ከየት ይመጣል?» አለቻት። ከዚያ እኔን ለብቻዬ በር ላይ ጠርታ፣ «እማማ፣ በዚህ ከቀጠለች ለሕፃኗ ጥሩ አይደለም፤ እንደ ምንም አብሏት» አለችኝ። ያን ቀን ከበር እስከ ማዕድ ቤት ያለው መንገድ ረዘመብኝ።

እትዬ የደረሱት በዚሁ ላይ ነው። ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ የልጄን ግንባር ሳሙ፣ ሕፃኗን አዩ፣ ሳህኑን አዩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቡላ ነው እትዬ።»

በማንኪያው ጫፍ ነካ አደረጉት። ተንቀጠቀጠ።

«እኛ አገር የሸሚዝ ኮሌታ የሚደርቀው በዚህ ነው» አሉ።

ሳቅሁ። ከልቤ አልነበረም፣ ግን እንግዳ ናቸው። «የእርስዎስ ገብስ፣ እትዬ፣ ጉሮሮ አይቧጥጥም?»

«ይቧጥጥ እንጂ! የሰው ልጅ ጉሮሮ ምግብ እንዳለፈበት ማወቅ አለበት።»

ልጄ ትራሷ ላይ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ባሏ ሰዓቱን አየና ሥራ እንደረፈደበት አስታወሰ። ቅዳሜ ነበር።

ተደራደርን። ጠዋት የእሳቸው ገብስ፣ ከሰዓት የእኔ ቡላ። ማን እንዳሸነፈ ልጄ ትናገራለች፤ በአፏ ሳይሆን በማንኪያ። ሁለታችንም ስትበላ አጠገቧ ተቀምጠን ሌላ ነገር የምናይ እየመሰልን ማንኪያ እንቆጥር ነበር። እትዬ በከንፈራቸው፣ እኔ በጣቴ፣ በቀሚሴ ኪስ ውስጥ።

አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ የጾሙ ሥርዓት አይመለከተንም። እትዬ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም፤ ከዘጠኝ በኋላም ቅቤና ወተት የነካው ነገር ወደ አፋቸው አይደርስም። አራስ አትጾምም፤ ለአራሷ የሚያበስሉት እሳቸው ግን ይጾማሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ጠዋት የፈላው ውሃ ላይ ጨው በጣታቸው ቆንጥረው ጨመሩና ወደ እኔ ዞሩ።

«እታለም፣ ነይ ውሃውን ቅመሺልኝ። እኔ ጾመኛ ነኝ።»

አስቡት እንግዲህ። ከጎጃም ድረስ ሊያሸንፉኝ መጥተው፣ ምላሳቸውን ቤት ትተው፣ የእኔን ሊዋሱ!

ቀመስኩ። በሐቅ ነው የቀመስኩት፤ በመጀመሪያው ቀን ክፋት አልነበረብኝም። «በቃው እትዬ» አልኩ። ጨው የያዘችው ጣታቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየች፣ ልትጨምር ፈልጋ ነበር መሰለኝ፣ ከዚያ ወደ ጨው ዕቃው ተመለሰች። ዱቄቱን ነሰነሱ። ማማሰያውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ድስቱን በእግራቸው አውራ ጣት ደገፍ አድርገው ሲያማስሉ ድስቱ አለቀሰ። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገልብጠው መሐሉን በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አደረጉት፣ ቅቤውን ከበርበሬ ጋር ሞሉበት።

«መብሰሉንም ቅመሺልኝ።»

ከዳር ቆረስኩ፣ ቅቤው ውስጥ ነከርኩ፣ ጎረስኩ። እውነቱን ልናገር? ጥሩ ነበር። ደግሞ ጥሩ ብቻ አልነበረም። የተቆላው ገብስ ሽታ በአፍንጫዬ ወጣ፤ ቅቤው ጉንጬ ላይ ቀለጠ። ለሃምሳ ምናምን ዓመት ገብስ የከብት ነው ስል የኖርኩ ሴት ነኝ።

«እንዴት ነው?» አሉ።

«እርግጠኛ ለመሆን አንድ ጊዜ ልድገም» አልኩ።

ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ፊቴን ግን እንደ ዳኛ ቋጥሬ ነው የበላሁት።

ልጄ በዚያ ጠዋት አራት ማንኪያ በላች። ከሰዓት ከቡላው ሦስት። በሁለተኛው ቀን እንደዚያው። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ እኛ እንቆጥራለን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጄ ከገብሱ ስድስት ማንኪያ በላች። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ያቺ ማስተካከል ግን ከእልልታ ትብሳለች። ከሰዓት ከቡላዬ ሁለት ማንኪያ ብላ፣ «እማዬ ይቅርታ፣ አልሄድልኝ አለ» አለችኝ። የገዛ ልጄ! በቡላ ያሳደግኳት!

ተንኮል ሰው ላይ እንዴት እንደሚገባ ቢጠይቁኝ እኔ ቀኑን ልነግራቸው እችላለሁ። በማግስቱ ጠዋት፣ ማዕድ ቤት፣ ማንኪያ በእጄ ይዤ ነው የገባብኝ። እትዬ ውሃውን ጨው አድርገው፣ «ቅመሺ እስቲ እታለም» አሉኝ። ቀመስኩ። በቂ ነበር።

«ያንሰዋል» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ጨመሩ። «አሁንስ?»

ምላሴ ተኮማተረ። «ትንሽ ይቀረዋል እትዬ።»

ጨመሩ። «አሁን?»

«አሁን... አንዲት ቁንጥር ብቻ።»

ያቺን የመጨረሻዋን ቁንጥር ሲጨምሩ በፊታቸው ላይ አንድ ነገር አየሁ፤ እንደ ዕረፍት ያለ ነገር። አልገባኝም። እኔ በራሴ ሥራ ተጠምጄ ነበር። ገንፎው በስሎ መብሰሉን ስቀምስ እንባዬ ሊመጣ ደረሰ፤ ጨው ብቻ ነው! ዳኛ መስዬ ዋጥኩት። «ግሩም ነው» አልኩ።

ሳህኑን ይዘው ወደ ልጄ ክፍል ሲሄዱ ግን ገንፎውን ከነሳህኑ መንጠቅ አማረኝ። ምን አደረግኩ እኔ? ልጄ ለስምንት ቀን ያህል እንደ ሰው አልበላችም። ይህን ቀምሳ ከተፋችው፣ ከዚያ በኋላ ማንኪያ ጨርሶ ባታስጠጋስ? ለሕፃኗ ምን ልላት ነው፣ አያትሽ በገንፎ ቀንታ ነው ልበላት? ተከትያቸው ሮጥኩ። በር ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ማንኪያ አፏ ውስጥ ገብቷል።

ልጄ ቆም አለች። ሳህኑን አየች። እኔ እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ።

ሁለተኛውን ጎረሰች። ሦስተኛውን። መቁጠር ተውኩ፤ የቀሚሴ ኪስ ውስጥ ጣት አለቀብኝ። የቅቤውን ጉድጓድ ዳር እየናደች፣ እየናደች፣ ሳህኑን በማንኪያ ጠረገችው። ከዚያ ቀና ብላ፣

«እማማ፣ ትንሽ ይኖራል እንዴ?» አለቻቸው።

እትዬ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ምን ብለው እንደ ጸለዩ አልሰማሁም፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ የእኔ ኑሮ ቅጣት ሆነ። ልጄ ጠዋት ጠዋት ሙሉ ሳህን ትበላለች። ወተቱ መጣ፤ ሕፃኗ ጠብታ ትተኛለች። ነገሩ እንዲቀጥል ደግሞ እኔ መዋሸቴን መቀጠል ነበረብኝ። በየማለዳው ያን የጨው ውሃ እቀምሳለሁ፣ ፊቴን አላጣምምም፣ «ትንሽ ይቀረዋል» እላለሁ። ከሰዓት ደግሞ ቡላዬን በልኩ፣ በጥንቃቄ፣ በፍቅር እሠራለሁ፤ ልጄ ሦስት ማንኪያ በልታ ታመሰግነኛለች። ተንኮሌ ጠላቴን አነገሠው።

ይባስ ብሎ ምስጋናው ወደ እኔ መጣ። ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ግማሹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ግማሹ «እንኳን ጌታ ረዳሽ» እያለ ሲገባ፣ ለማይጾመው ሁሉ የሚቀርበው የእትዬ ገንፎ ሆነ። ሲያደንቁም እሳቸው፣

«እኔ ምን አደረግኩ! የእታለም ምላስ ነው። የልጇን አፍ የምታውቅ እናት አጠገቤ ባትቆም፣ እኔ ገና በሁለተኛው ቀን ተስፋ ቆርጬ ነበር» ይላሉ።

እንግዶቹ ወደ እኔ ይዞራሉ። እኔም አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

አንድ ሌላ ነገርም በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ተለወጠ። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሶፋው የሚነሳው ለዜናና ለጸሎት ብቻ ነበር። አሁን ግን በየጠዋቱ «ድስቱን እኔ ልጠብ፣ እናንተ ደክሟችኋል» ማለት አመጣ። እትዬ መርቀው ሊጨርሱት አልቻሉም። እኔም የልጅ ልጅ ሰው ይለውጣል አልኩ።

ፋሲካ ደረሰ። እትዬ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረው፣ ረፋድ ላይ ፊታቸው በርቶ መጡ። ዶሮው ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሳቸው ግን ቁጭ እንዳሉ፣

«ዶሮው ይቆየኝ። በመጀመሪያ የገዛ ገንፎዬን ልቅመስ። ይህን ሁሉ ቀን ሠርቼ ምን እንደሚመስል አላውቅም» አሉ።

በዋዜማው ማታ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት ሲሠሩት፣ እንደ ልማዴ ሦስት ጊዜ «ይቀረዋል» ብዬ ነበር። አሙቄ አቀረብኩ። ከዳር ቆረሱ፣ ነከሩ፣ ጎረሱ። እኔ የውሃ ብርጭቆ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ሲያስላቸው ልሰጣቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዋጡ።

«ልክ ነው» አሉ። «አንዲት ቅንጣት አልጎደለውም፣ አንዲት ቅንጣት አልበዛበትም። እጅሽ ይባረክ እታለም።»

ብርጭቆውን እኔው ጠጣሁት።

«አሁን ያንቺን አምጪ» አሉ። «በጾም ምክንያት ስሰድበው እንጂ ቀምሼው አላውቅም።»

ቡላዬን አመጣሁ። ትኩስ ነው፣ ቅቤው ያብረቀርቃል። አንድ ማንኪያ ወሰዱ። አንዴ ወደ ግራ ጉንጫቸው፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዘዋወሩት። ሌላ ወሰዱ። እኔ ስድብ እየጠበቅሁ ነው። እሳቸው ግን ማንኪያውን አስቀምጠው በቀስታ፣ እንደ ሐኪም፣

«እታለም፣ ይህ ነገር ጥሩ ነገር ነው። ግን ጨው አልነካውም» አሉኝ።

«ኧረ አድርጌያለሁ እትዬ!»

«አልነካውም።»

«በልኩ አድርጌያለሁ፤ እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ።»

ወደ ባለቤቴ ዞሩ። እሱ ሶፋው ላይ ጋዜጣውን ከፍ አደረገ። «አንቱ፣ እስቲ ይፍረዱ» አሉት።

ከዚያ ከጋዜጣው ኋላ ድምፅ መጣ። «በዚህ ቤት ጨው ከጠፋ እኮ ሦስት ዓመት ሆነው።»

ይህን ማስረዳት ይኖርብኛል። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪም ለባለቤቴ ደም ግፊት አለብህ፣ ጨው ቀንስ ብሎት ነበር። እኔ መቀነስ የሚባል ነገር አላውቅም፤ ነገርን ወይ አደርጋለሁ ወይ አላደርግም። በየሳምንቱ ቁንጥር ቁንጥር እያስቀረሁ፣ መጨረሻ ላይ ጨው በወጣችን ላይ በስም ብቻ የሚያልፍ ሆነ። ምላሴ አብሮኝ ለምዶ፣ ትንሿ ነገር ሁሉ ጨው ብቻ ትመስለው ጀመር። ልጄ ግን አግብታ ከቤት ከወጣች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል፤ የእሷ ምላስ እንደ ማንኛውም ሰው ምላስ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት ባለቤቴን።

«ለጤናዬ ስትለፊ እያየሁ ምን ልበልሽ?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ጠዋት ጠዋት ድስቱን የማጥበው ለምን ይመስልሻል?» አለ።

ልጄ ከውስጥ ሆና በሳቅ ፈነዳች። ሕፃኗን አስነሳቻት።

እዚያ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ማንም አልጠረጠረኝም፤ ምላሷ የታመመች ደግ ሴት ሆኜ ልቀር እችል ነበር። ግን እትዬ ያን ጊዜ የተናገሩት ነገር አላስቀመጠኝም።

«እኔም እኮ ግር ብሎኝ ነበር» አሉ። «በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቃው ስትዪኝ እጄ አልበቃውም ይለኝ ነበር። አርባ ዓመት ገንፎ የሠራ እጅ ነው፣ ያውቃል። ግን ልጅቷ ያንቺ ናት፤ አፏን የምታውቂው አንቺ ነሽ ብዬ እጄን መለስኩት። ኋላ ጨምሪ ስትዪኝ እፎይ አልኩ።»

ነገርኳቸው። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፣ ባዶውን ብርጭቆ እንደያዝኩ። በቅን ልቤ በቃው ያልኩት ጊዜ ልጄን በረሃብ እንዳቆየኋት፣ ልጄ ገንፎውን ጠልታ እሳቸው እንዲያፍሩ ብዬ በተንኮል ያስጨመርኩት ደግሞ እንዳዳናት። ባለቤቴ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገው።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ፣

«ብትተፋውስ ኖሮ?» አሉኝ። ዓይናቸው ሳይስቅ። «ያቺ ሕፃን እያለቀሰች፣ ይችም ጨርሶ አልበላም ብትልስ ኖሮ እታለም?»

ያን ጥያቄ በር ላይ ቆሜ እኔው ራሴን ጠይቄው ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ግን ይከብዳል።

«ነይ ቁጭ በይ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ከገንፎው ጡጫ የምታክል ቆረሱ፣ ቅቤው ውስጥ ነክረው አወጡ፣ ወደ አፌ አመጡ። «ይህች ለመጀመሪያው ውሸት።» ጎረስኩ፣ ምላሴ ተቃጠለ። «ይህች ለሁለተኛው።» ውሃ ለመንኩ፣ ከለከሉኝ። «ይህች ደግሞ ሸሚዝ ማድረቂያ ያልኩትን ስለሠራሽ፤ ጨው ቢኖረው ኖሮ አሸንፈሽኝ ነበር።» በሦስተኛው ላይ መሳቅ ጀመሩ፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ ገንፎው ላይ እስኪደርስ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ተከፋፈልን። የእኔን ቡላ ጨው እሳቸው ይለካሉ፣ የእሳቸውን ገብስ እኔ አልጠጋውም። ባለቤቴም ከድስት ማጠብ ተሰናበተ፤ እትዬ ራሳቸው፣ «አንቱ፣ ሐኪም የተናገረው ለእኔ ገንፎ ሲባል አይለወጥም» ብለው ነጠቁት። እኔን ግን ሐኪም የከለከለኝ ነገር ስለሌለ፣ የተከለከለውን ሁሉ ስለ እሱ እበላለታለሁ።

ልጄ ሁለቱንም ትበላ ጀመር። ጠዋትም ሳህን፣ ከሰዓትም ሳህን። ጉንጯ ሞላ። የሕፃኗ ጉንጭማ ከጎን ሲያዩት አፍንጫዋን ይሸፍናል። አንድ ቀን ጸጉሯን ስሠራላት ጎንበስ አለችና በጆሮዬ፣ «እማዬ፣ ለእማማ እንዳትነግሪያቸው እንጂ ያንቺ ይበልጣል» አለችኝ። ያን ሳምንት ሙሉ በሐዋሳ መንገድ እየተንሳፈፍኩ ነው የሄድኩት።

ሕፃኗ አርባ አምስት ቀን ሞላት። ለክትባት ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን፤ ልጄ፣ እትዬና እኔ። ልጄ ካርድ ልታወጣ ስትሄድ አግዳሚው ላይ ሕፃኗን በየተራ እየተቀባበልን ተቀመጥን። እኔ ምስጢር አይቀመጥልኝም፤ ግን እትዬም አይቀመጥላቸውም ኖሯል፣ ቀደሙኝ።

«እታለም፣ እንዳትቀየሚኝ እንጂ ልጅሽ አንድ ነገር ነግራኛለች።»

«ምን አለችዎት?»

«ለእማዬ አይንገሯት እንጂ የእርስዎ ይበልጣል አለችኝ።»

እርስ በርስ ተያየን። ሕፃኗ በመሐላችን አዛጋች።

ተጠራን። ሕፃኗን ሚዛን ላይ አደረጓት። የጤና ጣቢያው ነርስ ካርዱን አየች፣ ሚዛኑን አየች፣ ደግማ ሚዛኑን አየች። «ጎበዝ!» አለች። «በጣም ጥሩ ጨምራለች። እናትየዋ በደንብ እየበላሽ ነው ማለት ነው። ምን እየበላሽ ነው? ለሌሎቹ እናቶች ልንገራቸው።»

እትዬ በቀኟ ወደፊት ሰገግ አሉ። እኔ በግራዋ ሰገግ አልኩ። ልጄ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ትንሽ ልጅ እያለች የሰው ስኳር ሰርቃ ስትያዝ የምታሳየው ነው።

«ባለቤቴ የሚሠራልኝን እንቁላል ፍርፍር» አለች።

«ባልሽ?» አለች ነርሷ።

«አዎ። በየቀኑ። እጁ ይባረክ።»

ነርሷ ፈገግ ብላ ካርዱ ጥግ ላይ ጻፈችው። ባልየው እንቁላል ከቅርፊቱ እንደሚወጣ ያወቀው በዓይኑ አይቶ እንጂ በእጁ ነክቶ እንዳልሆነ ከእትዬና ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አፋችን ግን ተይዞ ወጣን።

ባጃጁ ውስጥ ሦስት ሴትና አንድ ሕፃን ተጣብቀን ተቀመጥን። ልጄ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ እትዬ፣

«ይህች ልጅ» አሉኝ፣ «ጥርጥር የለውም፣ ያንቺው ናት።»

«አልካድኩም» አልኩ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ የሆነ ነገር ነገሩኝ። እኔም ባጃጁን ሱቅ ጋ አስቆምኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ የልጄ ባል ከሥራ ሲመጣ፣ እናቱንና እኔን ማዕድ ቤቱ በር ላይ ወንበር ስበን፣ እጃችንን አጣምረን ተቀምጠን አገኘን። ጠረጴዛው ላይ ስምንት እንቁላል፣ ሦስት ሽንኩርት፣ አንድ ባዶ መጥበሻ።

«ምንድን ነው?» አለ፣ ቦርሳው ከትከሻው ሳይወርድ።

«በል ልጄ፣ እጅህን ታጠብ» አሉት እናቱ። «እዚህ ቤት ምግብ የምትሠራው አንተ መሆንህን ነርሷ ጽፋዋለች።»